ባሕሩን ማን አየው?



ረመዷን ሲጋመስ ከተራዊሕ በኋላ የሚቀርቡልኝ ጥያቄዎች ይለወጣሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ጥያቄው ስለ ኒያ፣ ስለ መርፌና መድኃኒት፣ ስለ ቀዷ ነው። ከአሥራ አምስተኛው ሌሊት በኋላ ግን ወጣት አባወራዎች ጫማቸውን እየፈለጉ ጠጋ ይሉና፣ “ሼኽ፣ ለዒድ ቤተሰቤን ይዤ ወጣ ለማለት አስቤ ነበር፤ እንዴት ያዩታል?” ይሉኛል። አንዱ ላንጋኖን ያስባል፣ ሌላው ሐዋሳን፤ ኑሮ የተሻለለት ደግሞ ሞምባሳን ወይም ዛንዚባርን ያነሳል። አብዛኞቹ አንድ ነገር ይጨምራሉ፦ “ሆቴል አንገባም፤ ማብሰያ ያለው ቤት እንከራያለን። ምግቡ ሐላል መሆኑን እናውቃለን፣ ወጪውም ይቀንሳል።”

ይህን ስሰማ ትንሽ ዝም እላለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔም ይህንኑ ብዬ ነበርና። ዛሬ ያንን ጉዞ ላጫውታችሁ። ከተማዋ ሊያዩዋት የምትገባ ናት፤ እኔ የሠራሁት ስሕተትም ምናልባት አንዳንድ ቤት ይጠቅም ይሆናል።

ወደ ሞምባሳ

የጋበዘን ናይሮቢ የሚኖረው የባለቤቴ ወንድም ነው። “እኅቴ ባሕር አይታ አታውቅም፤ ሳላሳያት እንዳልሞት” አለ። እውነቱን ነው። እኔ ለሐጅ ስሄድ ጅዳ ላይ ቀይ ባሕርን አይቻለሁ። እሷ ግን ወሎ ተወልዳ፣ አዲስ አበባ ልጆች ስታሳድግ የኖረች ሴት ናት፤ ትልቁ ያየችው ውኃ ሐይቅ ነው። ወንድሟ ሆቴል ሊይዝልን ነበር። “አይሆንም፣ ገንዘብህን አታባክን፤ ማብሰያ ያለው ቤት ይሻላል” ያልኩት እኔ ነኝ። እሷን አልጠየቅኳትም።

የሸዋል ወር እንደገባ ሴት ልጄንና ወንድ ልጄን ይዘን ተነሣን። እስከ ናይሮቢ በአውሮፕላን፣ ከዚያ እስከ ሞምባሳ በባቡር ሄድን። ይህ ባቡር እ.ኤ.አ በ2017 ሥራ የጀመረ ነው፤ መንገዱ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሐዲዱ የጻቮን ብሔራዊ ፓርክ አቋርጦ ስለሚያልፍ ልጆቹ እስኪጨልም ድረስ መስኮቱ ላይ ተለጥፈው ዝሆን ይፈልጉ ነበር። ዙህርና ዐስርን ከመሳፈራችን በፊት አጣምረንና አሳጥረን ሰግደናል። ይህን የመንገደኛ ቅለት ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ቤቱ ኒያሊ በሚባለው ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሞምባሳ መሐል ከተማዋ ደሴት ናት፤ ኒያሊ ከደሴቲቱ በስተሰሜን በድልድይ የሚያገናኛት የባሕር ዳር ሰፈር ነው። ማልደን ስንነሣ በረንዳው ላይ ቆሜ ቂብላውን አየሁ። ሞምባሳና መካ ካርታ ላይ ከደቡብ ወደ ሰሜን በአንድ መስመር ላይ ያሉ ያህል ናቸው። ስለዚህ ቂብላው ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን ነው፤ በዚያ ዳርቻ የሚሰግድ ሰው የሕንድ ውቅያኖስን በቀኝ እጁ አድርጎ ይሰግዳል። ሱብሒን በነፋሱ ድምፅ ሰገድን። ስንጨርስ እኔና ልጄ በረንዳው ላይ ቀረን፤ ባለቤቴ ቁርስ ልታሰናዳ ገባች። የማብሰያ ቤቱ መስኮት የሚያሳየው የደረጃውን ግድግዳ ነበር። ያን ጊዜ ይህን ልብ አላልኩም።

እንደኛው የሚቆጥር ሰዓት

ሞምባሳ ሐበሻ ብዙም ባይተዋርነት የማይሰማው ከተማ ነው። በመጀመሪያ ሰዓቱ። ስዋሂሊ ተናጋሪ ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛው ከፀሐይ መውጣት ጀምሮ ነው። የፎቁ ጥበቃ “ሳዓ ሞጃ” ሲለኝ ከንጋቱ አንድ ሰዓት ማለቱ ነው። በእንግሊዝኛ ሲያወሩና የባቡር ትኬት ሲጽፉ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ስለዚህ ቀጠሮ ስትይዙ “በየትኛው ሰዓት?” ብላችሁ ጠይቁ። ቋንቋውም ለቁርኣን ልጅ ቅርብ ነው። “ስዋሂሊ” የሚለው ስም ራሱ “ሰዋሒል” ከሚለው ዐረብኛ፣ ማለትም ከባሕር ዳርቻዎች የመጣ ነው። መጽሐፍ “ኪታቡ” ነው፣ ዓሣ “ሳማኪ”፤ ስድስት፣ ሰባትና ዘጠኝ “ሲታ”፣ “ሳባ”፣ “ቲሳ” ይባላሉ። ወንድ ልጄ በሁለት ቀን ባጃጅ መከራከር ቻለ። እነሱ ቱክቱክ ይሉታል።

በሁለተኛው ቀን ፎርት ጂሰስ የሚባለውን ምሽግ ለማየት ሄድን። ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ ከ1593 ጀምረው የባሕር ወደቡን ለመቆጣጠር የሠሩት ነው። ግንቡ ከኮራል ድንጋይ የተሠራ ነው፤ ንድፉ ከላይ ሲታይ የተጋደመ ሰው ይመስላል። የዑማን ሠራዊት እ.ኤ.አ በ1696 ከብቦት፣ ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው በ1698 ያዘው። ውስጥ የነበሩትን ከመድፉ ይልቅ የጨረሳቸው በሽታና ረኃብ ነው። እንግሊዞች ደግሞ እስር ቤት አድርገውት ነበር። አሁን ሙዚየም ነው፤ እ.ኤ.አ በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ባለቤቴ አብራን መጥታ ነበር። ገና የመጀመሪያውን ግንብ እንደወጣን ግን ፀሐይዋን ቀና ብላ አየችና፣ “ምሳ እንዳይረፍድባችሁ” አለች። ሴት ልጄም “እናቴ ብቻዋን አትሄድም” ብላ ተከተለቻት። ሁለቱ በባጃጅ ተመለሱ። እኔና ወንድ ልጄ መድፎቹን፣ የውኃ ማጠራቀሚያውንና ከግንቡ አናት ላይ የሚታየውን ባሕር ስናይ አረፈድን። ስንመለስ ምሳ ቀርቦ ነበር። ጣፋጭ ነበር፤ አመሰገንኩ።

በሦስተኛው ቀን አሮጌውን ከተማ አየን። እሷ “ልብስ ላጥብ፣ እናንተ ሂዱ” ብላ ቀረች፤ ልጅቷም ቀረች። መንገዶቹ ጠባብ ናቸው፤ በሮቹ ላይ ያለው የእንጨት ቅርጽ ሰውን ያቆማል። ማንድሪ መስጂድ ውስጥ ዐስርን ሰገድን። እ.ኤ.አ በ1570 እንደተሠራ የሚነገርለት፣ በከተማዋ ከሚሰገድባቸው መስጂዶች ጥንታዊው የሚባለው ነው። ሚናራው ወደ ላይ እየሾለ የሚሄድ ነጭ ግንብ ነው። ከሶላት በኋላ ከሰል ላይ ከተጣደ የነሐስ ማንቆርቆሪያ መራራ ቡና ቀዱልን። ስኳር የለውም፤ ከጎኑ የሚቀርበው ጣፋጭ ነው። ቡናው ከየት ሀገር እንደ ተነሣ ነግሬያቸው ሽማግሌዎቹ ጋር ስንሣሣቅ ጊዜው ሄደ።

“ያ ሰውዬ ስንት ቀን ተቀመጠ?”

ማታ ስመለስ ደስታዬ ሞልቶ ነበር። ዐረብኛ በተማርኩበት ዘመን የኢብን በጡጣን የጉዞ መጽሐፍ አንብቤ ነበርና እሱን አነሣሁ። ይህ መንገደኛ እ.ኤ.አ በ1331 ገደማ በዘይላና በመቅዲሾ በኩል አልፎ ሞምባሳ ደርሷል። ሕዝቡን ዲን ያለውና ጨዋ ሆኖ አገኘው። መስጂዶቹ ከእንጨት በጥበብ የተሠሩ መሆናቸውን፣ በየደጃፋቸው ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ መኖሩን፣ ሰጋጁ በእንጨት ዕቃ ውኃ ቀድቶ እግሩን ታጥቦ፣ በወፍራም ምንጣፍ አብሶ እንደሚገባ ጽፏል። ይህን ሁሉ ማብሰያ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ለባለቤቴ ነገርኳት። እሷ እጇ ሊጥ ውስጥ ነበር። በደንብ አዳመጠችኝ። ከዚያ ጠየቀችኝ፦

“አንቱ፣ ያ ሰውዬ እዚህ ስንት ቀን ተቀመጠ?”

“አንድ ሌሊት ብቻ ነው ያደረው።”

“በአንድ ሌሊት ይህን ሁሉ አየ?” አለች። “እኔ ሦስት ቀኔ ነው። ያየሁት ምድጃ ነው። ምድጃማ አዲስ አበባም ነበረኝ።”

አልተቆጣችም። ፈገግ ብላ ነው የተናገረችው። ሊጧንም መልሳ ማሸት ጀመረች። እኔ ግን የምለው አጣሁና ወደ በረንዳው ወጣሁ። ባሕሩ ጨልሟል፤ ድምፁ ብቻ ይሰማል። ከኋላዬ ድስት ሲንኳኳ ይሰማኛል። ሁለቱን ድምፆች አንድ ላይ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ውድ አንባብያን፤ ያን ሌሊት ብዙ አሰብኩ። ሸሪዓው መንገደኛን እንዴት እንደሚያዝንለት ለደረሶቼ ሃያ ዓመት አስተምሬያለሁ። አራት ረከዓ የነበረው ሁለት ይሆንለታል። በረመዷን ቢሆን ፆሙን አቆይቶ በሌላ ቀን እንዲከፍል ተፈቅዶለታል። በሻፍዒ መዝሀብ የመግቢያና የመውጫ ቀን ሳይቆጠር አራት ቀን ለመቀመጥ የወሰነ ሰው ከደረሰ ጀምሮ ሶላቱን ሙሉ ይሰግዳል፤ በሐነፊ ደግሞ አሥራ አምስት ቀን እስኪወስን ያሳጥራል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። አላህ የራሱን ሐቅ ለመንገደኛ ሲያቀልለት፣ እኛ ግን የእሷን ወጥ አላሳጠርንላትም። ሶላታችንን አሳጥረን የተጓዝን ሰዎች፣ የእሷን ሥራ ሙሉውን ጭነን ነው ያመጣነው።

ያውም ከረመዷን ማግሥት። ሠላሳ ቀን እኛ ስንተኛ ለስሑር የተነሣችው እሷ ናት። ሠላሳ ቀን ፆማ ሳምቡሳ የጠበሰችው፣ ሾርባ ያማሰለችው እሷ ናት። እኔም ሚንበር ላይ ቆሜ፣ ፆመኛን ያስፈጠረ የፆመኛውን ያህል ምንዳ እንዳለው የሚናገረውን ሐዲስ ለሴቶቹ ደጋግሜ አሰምቻለሁ። ምንዳውን ነገርኳቸው እንጂ ጭልፋውን አልተቀበልኳቸውም።

እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤታቸው ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ተጠይቀው፣ ቤተሰባቸውን በማገልገል ላይ እንደነበሩና የሶላት ሰዓት ሲደርስ ለሶላት እንደሚወጡ መናገራቸውን ቡኻሪ ዘግበዋል። አንድ ጊዜ ደግሞ ጉዞ ላይ ሳሉ ባልደረቦቻቸውን ቀድመው እንዲሄዱ አድርገው ከባለቤታቸው ጋር የሩጫ ውድድር ገጥመዋል፤ ያን ጊዜ ያሸነፉት ዓኢሻ ነበሩ። የሠራዊት መሪ፣ የአላህ መልእክተኛ፣ መንገድ ላይ ከሚስቱ ጋር ለመጫወት ጊዜ ነበረው። እኔ የአንድ ሰፈር ኢማም ሆኜ አላገኘሁም ማለት ነው።

ይበልጥ ያስደነገጠኝ ደግሞ ልጄ ናት። እናቷን ብቻዋን ላለመተው ብላ ሁለት ጊዜ ቀርታለች። ወንድሟን ማንም “ተመለስ” አላለውም፤ እሱም አልታየውም። ነገ የሚያገባት ሰው እንዲህ ቢያደርጋት ቅር ይለኛል። ያስተማርኳቸው ግን እኔ ነኝ።

የቀሩት ቀናት

ሲነጋ ልጆቹን ሰብስቤ በአዲስ መልክ ተስማማን። ቁርስ ከውጭ ይመጣል። ለካስ ከፎቁ ሥር ያሉ እናቶች ማልደው “ማሐምሪ” የሚባል፣ የኛን ፓስቲ የሚመስል ለስላሳ ጥብስ ይሸጣሉ፤ ከእሱ ጋር በኮኮናት ወተት የበሰለ “ምባዚ” የሚባል የአተር ዓይነት ወጥ ይበላል። ዋጋው እኛ ለቁርስ ካወጣነው አይበልጥም። ምሳ የእኔና የወንድ ልጄ ተራ ሆነ። እራት ውጭ ነው፤ አሮጌው ከተማ አብዛኞቹ ምግብ ቤቶች የሙስሊም ስለሆኑ ፒላውና ቢርያኒ ያለ ሥጋት ይበላል።

የመጀመሪያው ምሳችን ሩዝ ነበር። ከሥሩ አረረ፣ ከላዩ ጥሬ ሆነ። ባለቤቴ በላች። “አልሐምዱሊላህ” ብላ እጇን ታጠበች። ልጆቹ ሳቃቸውን መቆጣጠር አልቻሉም፤ እሷ ግን አልሳቀችብኝም።

በአራተኛው ቀን ሱብሒን ሰግደን ሁላችንም ወደ ባሕሩ ወረድን። በዚያ ዳርቻ ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜ ይመለሳል፤ ሲሸሽ ከባሕሩ ሥር የነበረው አሸዋና ዐለት ሰፊ ሜዳ ይሆናል። በዚያ ሰዓት ሰው ጥቂት ነው፤ የአካባቢው ሴቶችም ጥቁር ቡይቡያቸውን ለብሰው ነው የሚሄዱት፤ ስለዚህ አንዲት ሙስሊም ሴት ሳትሸማቀቅ መራመድ ትችላለች። ባለቤቴ ነጠላ ጫማዋን በእጇ ይዛ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገባች። ብዙ ቆመች። ከዚያ ጎንበስ ብላ በመዳፏ ቀድታ ቀመሰችው።

“ወላሂ ጨው ነው!” አለች፣ ወደኛ ዞራ።

ቁርኣን ስለ ጣፋጩና ስለ ጨዋማው ባሕር የሚናገረውን አንቀጽ ከልጅነቷ ጀምራ ቀርታዋለች። ጨዋማውን የቀመሰችው ግን ያን ጧት ነው። አንድ ቀን ዘግይተን ብንረዳ ኖሮ፣ ወይም ያን ማታ ዝም ብትለኝ፣ ሳትቀምሰው ልትመለስ ትችል ነበር።

ከዚያ በኋላ ሐለር ፓርክን አየን። የሲሚንቶ ድንጋይ የወጣበት፣ ምንም የማይበቅልበት የነበረ መሬት ነው። እ.ኤ.አ በ1971 ጀምሮ ዛፍ እየተተከለበት ዛሬ ጫካ ሆኗል፤ ቀጭኔና ግዙፍ ኤሊ አለበት። በሱናሚው ዘመን እናቱን ያጣ የጉማሬ ግልገል ከአንድ አረጋዊ ኤሊ ጋር ተላምዶ የኖረው እዚያ ነው። ማታ ማታ ማማ ንጊና በሚባለው የባሕር ዳር መናፈሻ እንቀመጥ ነበር። ግዙፍ መርከቦች ወደ ወደቡ የሚገቡት በጠባቡ መተላለፊያ በኩል ስለሆነ ቅርብ ሆነው ይታያሉ። ቤተሰቡ ሁሉ ሣር ላይ ተቀምጦ ሚጥሚጣና ሎሚ የተነሰነሰበት የካሳቫ ጥብስ ይበላል፣ የለጋ ኮኮናት ውኃ ይጠጣል። ባለቤቴ መርከብ ስታይ “ይህን ሁሉ ብረት ውኃ እንዴት ቻለው? ሱብሓነላህ” ትል ነበር።

ለምታስቡ

ለዒድ ቤት ተከራይታችሁ ለመውጣት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ካየሁት ጥቂት ልበል። ከመክፈላችሁ በፊት ስለ ውኃው ጠይቁ፤ በሞምባሳ ብዙ ፎቅ ቤቶች የሚጠቀሙት ጨው ጨው የሚል የጉድጓድ ውኃ ነው፤ የሚጠጣው በጀሪካን ይገዛል። መብራቱ እንደ ካርድ ቆጣሪ አስቀድሞ የሚሞላ ስለሆነ ማን እንደሚሞላው ተስማሙ። አጎበርና ማራገቢያ መኖሩን አረጋግጡ። ባሕር ዳሩ ወባ አለበት፤ አዲስ አበባ ላደገ ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለምና ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁንም ያዙ። ውኃው ሲሸሽ ዐለቱ ላይ ባዶ እግራችሁን አትሂዱ፤ እሾኻም የባሕር ፍጥረት አለ። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ዝናቡ ይበረታል። ቤቱ አማና ነው፤ እንዳገኛችሁት አድርጋችሁ መልሱ። ጎረቤትም ለአምስት ቀን ቢሆን ጎረቤት ነው፤ ሐቁን ጠብቁ።

ማብሰያ ያለው ቤት መከራየት ስሕተት አይደለም። ብዙ ቤተሰብ ያለ እሱ መውጣት አይችልም። ነገር ግን የቤቱን ዋጋ ስታሰሉ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ እዚያ የሚያበስለው ማን ነው? መልሱ “እንደ ሁልጊዜው” ከሆነ ዕረፍቱ የወጣው ከአንድ ሰው ጀርባ ነው። ከመወሰናችሁ በፊትም እሷን ጠይቋት። እኔ አልጠየቅኩም ነበር።

ከጉዞው ተመልሰን ቤታችን በአንድ ጊዜ ተለወጠ ብዬ አልዋሻችሁም። የአርባ ዓመት ልማድ በስድስት ሌሊት አይለቅም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ በረመዷን የኢፍጣሩን ዕቃ የምናጥበው እኔና ወንድ ልጄ ነን፤ ከዚያ በኋላ ነው ለተራዊሕ የምንወጣው። አንዳንድ ቀን እጅጌዬ እንደረጠበ ሚሕራብ ላይ እቆማለሁ። ጀማዓው ምክንያቱን አያውቅም ነበር፤ ይኸው ዛሬ አወቀ።

ለዒዱ ገና ቀናት አሉ። ጉዞ ያሰበም ያላሰበም ዛሬ ማታ ከቴምሩና ከሾርባው በኋላ ተነሥቶ አንድ ሳሕን ማንሣት ይችላል። አላህ ፆማችንን፣ ሶላታችንንና ስሑር የሚያነሡንን እናቶች ልፋት ይቀበለን። ለሁላችንም መልካም ፍጻሜ ያድርግልን። አሚን።